ዴቢያን በኮፒ ቤታችን፦ ያልተፈተነ ነገር ደንበኛ ፊት አይቀርብም

በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ ስለሚጫነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ስለ ዴቢያን፣ ሲወራ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ነጻ መሆኑን ነው። ቀጥሎ ቫይረስ አያስቸግረውም ይላል። ሁለቱም ጥሩ ነው። እኔን ግን ይህን ያህል ጊዜ ከሱ ጋር ያቆየኝ ሌላ ነገር ነው። ዴቢያን በሙከራ ላይ ያለውን ኮድ ለሥራ ከደረሰው ለይቶ ያስቀምጣል። አንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበትም ሕግ አለው፤ ሕጉን ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚገመግሙ ሰዎች ስለ መልኩና ስለ ፍጥነቱ ብዙ ይላሉ፤ እዚህ ጉዳይ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርገው ያልፋሉ። ለእኔ ዋናው እሱ ስለሆነ እሱ ላይ እቆያለሁ።

የምሠራው ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች ኮፒ ቤት ነው። ጽሕፈት፣ ፕሪንት፣ ስካን፣ ጥረዛ፤ በጎን ደግሞ ላፕቶፕ እናስተካክላለን። ከማራኪና ከቴዎድሮስ ግቢ ተማሪዎች ይመጣሉ። ማመልከቻ የሚያጽፉ ባለጉዳዮች ይመጣሉ። ከአዘዞ ድረስ መጥቶ ሰነድ ስካን የሚያስደርግ አለ። ማሽኖቻችን ያገለገሉ ናቸው። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ይፈጥናል፣ አንድ ቀን ያዘግማል። እንዲህ ባለ ቤት ትናንት የሠራ ነገር ዛሬ ጠዋት እምቢ ካለ የቀኑ ገቢ ገደል ገባ ማለት ነው። "ሲስተሙ አፕዴት አድርጎ ነው" ቢባል ደንበኛው አይሰማም። ልክ ነው፤ እሱ የመጣው ወረቀቱን ሊወስድ ነው።

አንዱ ማሽን ላይ ዊንዶውስ ትተናል። ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ይዞ የሚመጣ ሰው አሁንም አይጠፋም፤ ለሱ ያ ማሽን ያስፈልጋል። ሌሎቹ በሙሉ ዴቢያን ናቸው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ዴቢያንን ኢያን መርዶክ የጀመረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 1993 ነው። (ከዚህ በኋላ ስለ ዴቢያን ታሪክ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ሥራው በአራት ክፍሎች ተከፋፍሎ ይኖራል።

መጀመሪያ ኤክስፐሪመንታል አለ። እዚህ የሚገባው ሠሪው ራሱ ገና ያላመነበት ነገር ነው። ትልቅ ለውጥ የተደረገበት፣ ሌላውን ሊያበላሽ የሚችል፣ "እስቲ ሞክሩልኝ" የሚባል። ለብቻው ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሙሉ ሲስተምም አይደለም። ቀጥሎ አንስቴብል ይመጣል፤ የዘወትር ስሙ ሲድ ነው። ሠሪዎቹ የዕለት ሥራቸውን የሚያስገቡት እዚያ ነው። ሦስተኛው ቴስቲንግ ነው፤ የሚቀጥለው ስሪት የሚሰናዳበት። አራተኛው ስቴብል፣ እኛ ደንበኛ ፊት የምናስቀምጠው።

ከሲድ ወደ ቴስቲንግ ማለፍ ፊት ታይቶ አይደለም። አሳላፊው ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ቀን ይቆጠራል። እንደ ለውጡ አጣዳፊነት 2፣ 5 ወይም 10 ቀን ሲድ ውስጥ መቆየት አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቴስቲንግ ውስጥ ያልነበረ አዲስ ከባድ ስህተት ከተገኘበት እዚያው ይቀራል። በሚደገፉት የኮምፒውተር ዓይነቶች ሁሉ ላይ መገንባቱ ይታያል። ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ከሆነም እነሱን ይዞ እንዳይወድቅ ይፈተሻል። ለምን እንዳላለፈ ማየት ለፈለገ ምክንያቱ ለእያንዳንዱ በስሙ ተጽፎ ይገኛል። "ቆይ እናያለን" የሚባል መልስ የለም።

ቴስቲንግ ወደ ስቴብል ሲቃረብ ደግሞ በሩ በደረጃ ይዘጋል። ፍሪዝ ይሉታል። ለዴቢያን 13 የመጀመሪያው ፍሪዝ የጀመረው መጋቢት 15 ቀን 2025 ነበር። በዚያን ጊዜ ሌላውን ሁሉ የሚያናውጡ ትልልቅ ለውጦች ቆሙ። በሚያዝያ ጠበቅ አለ። በግንቦት የባሰ ጠበቀ። ሪሊዙ፣ ማለትም ያለቀው ስሪት፣ የወጣው ነሐሴ 9 ነው። አምስት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። በነዚያ ወራት ሥራው አዲስ ነገር መጨመር ሳይሆን ያለውን ማስተካከል ነበር። 69,830 ፓኬጅ (ለመጫን የተሰናዳ ፕሮግራም) ያለበት ክምችት ነው። ያን ሁሉ አንድ ቀን ላይ "ደርሷል" ማለት ቀልድ አይደለም።

የእናቶቻችንን ቤት አስቡት። እንግዳ ቢመጣ ጥንስስ አይቀዳለትም። ጥንስሱ ግን አይደበቅም፤ ጋኑ እዚያው ጥግ ላይ ነው፣ ማየት የፈለገ ያየዋል፣ ቀኑን ቆጥሮ ሲደርስ ተጣርቶ ይቀርባል። ዴቢያን ያደረገው ይኼንን ነው፤ በኮድ።

ብዙ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ይህን አያደርግም። ገብተህ ስታይ አንድ ክምር ኮድ ታገኛለህ። ትናንት የተጻፈው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የተፈተነው፣ ግማሽ ላይ የተተወው ሁሉ አንድ ላይ ነው። የትኛውን ልጫን ብትል የሚነግርህ የለም። አንዳንዱ "የመጨረሻውን ውሰድ" ይላል። የመጨረሻው ደግሞ ትናንት ማታ የገባው ነው። በዚህ ላይ ሥራ መመሥረት ከባድ ነው።

መለያየቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም በ2024 በግልጽ ታየ። ኤክስዜድ የሚባል ፋይል መጭመቂያ አለ፤ ትንሽ ፕሮግራም ናት፣ ግን ያልገባችበት የለም። አንድ ሰው በዚያ ፕሮጀክት ውስጥ ለዓመታት ሲሠራና እምነት ሲያተርፍ ቆይቶ ሚስጥራዊ መግቢያ አስገባ። የሰርቨርን በር ከሩቅ ለመክፈት የታሰበ ነበር። ነገሩን ያወቀው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል፣ ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ሠሪ ነው። ሲድ በተጫነባቸው ማሽኖቹ ላይ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ውስጥ በሚያስገባው ፕሮግራም) መግባት በግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሰከንድ! እሱን ተከታትሎ ሥሩ ድረስ ሄደ፤ መጋቢት 29 ቀን 2024 ለዓለም አሳወቀ። ዴቢያን በዚያው ዕለት ባወጣው ማስጠንቀቂያ የተበከለው ኮድ ቴስቲንግ፣ አንስቴብልና ኤክስፐሪመንታል ውስጥ ገብቶ እንደነበር ገለጸ። ስቴብል ውስጥ አልነበረም።

ይህን ሳነብ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ፤ አብሮኝ ለሚሠራው ልጅ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እኛ ማሽኖች ላይ ያለው ስቴብል ነውና አልነካንም። ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የተበከለው ኮድ ቴስቲንግ ድረስ አልፏል። የፕሮግራሙ ፍተሻ አልያዘውም፤ እንዲህ ያለ ተንኮል ለመያዝ አልተሠራምና። ያዳነን ጊዜ ነው። ሌላ ሰው በፈቃዱ ሲድ ላይ እየሠራ፣ ኮዱ እኛ ጋ ሳይደርስ ዓይኑን የሚጥልበት ጊዜ መኖሩ ነው። ስለዚህ ሲድ ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ከልቤ አመሰግናለሁ። የእኛ ሰላም የነሱ ድካም ነው።

አንድ ነገር ከቅርብ ላሳያችሁ። ዴቢያን ላይ ስለ አንድ ፕሮግራም ተርሚናል ላይ "አፕት ፖሊሲ" (apt policy) ብላችሁ ብትጠይቁ የትኛው ስሪት ከየትኛው ክፍል እንደሚገኝ ይዘረዝራል። ከእያንዳንዱ አጠገብ ቁጥር አለ። ከስቴብል የሚመጣው 500 ነው። ባክፖርትስ ከሚባለው የሚመጣው 100። ከኤክስፐሪመንታል የሚመጣው 1 ብቻ። ቁጥሩ ቅድሚያ ነው። ኤክስፐሪመንታልን ከምንጮቻችሁ ዝርዝር (ሲስተሙ ፕሮግራም ከየት እንደሚያወርድ ከሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ ብትጨምሩት እንኳ በስሙ ጠርታችሁ ካላዘዛችሁት በቀር ከሱ ምንም አይጫንም። ሙከራ ላይ ያለ ነገር እቤታችሁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ካልጠራችሁት አይገባም። ይህን ያሰበው ሰው ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን የሰው ጠባይም ያውቃል እላለሁ።

ባክፖርትስ ያልኩትን ትንሽ ላብራራ፤ በየቀኑ የሚጠቅመን እሱ ነው። የስቴብል ትልቁ ዋጋ እርጅና ነው። ከወጣ በኋላ የሚገባለት የደኅንነት ጥገናና የከባድ ስህተት እርማት ብቻ ነው። አዲስ ገጽታ አይጨመርለትም። ዴቢያን 12 ይዞት የመጣው ሊብሬኦፊስ (እንደ ወርድ ያለው የጽሕፈት ፕሮግራም) 7.4 ነበር፤ ሊብሬኦፊስ ራሱ ግን ወደፊት ሄዷል። ተማሪ በአዲስ ወርድ የተሠራ፣ ሰንጠረዥና ሥዕል የበዛበት ፋይል ይዞ ሲመጣ አሮጌው ላይ ቅርጹ ሊዛባ ይችላል። መፍትሔው ባክፖርትስ ነው። ቴስቲንግ የደረሰውን አዲሱን ፕሮግራም ወስደው ለስቴብል እንደገና ይገነቡታል። እኔ ሊብሬኦፊስን ብቻ ከዚያ አወጣለሁ። ሌላው ሲስተም ባለበት ይቆያል። አንዴ ከወሰድኩት በኋላ ማስተካከያው ከዚያው ይመጣልኛል። የሚያስፈልገኝን አንድ አዲስ ነገር ለማግኘት ቤቱን ሁሉ ማፍረስ የለብኝም።

የአማርኛውን ነገር ከጠየቃችሁኝ እሱም አያሳስብም። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት በዴቢያን ክምችት ውስጥ አለ። በላቲን ፊደል እየነኩ ግዕዝ የሚያስጽፈውም አይባስ በሚባለው የጽሕፈት መቀየሪያ በኩል ይጫናል። ሁለቱም ስቴብል ውስጥ ስለሆኑ አንዴ ካስተካከሉ በኋላ ይረሳሉ። ለጸሐፊ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም፤ ቁልፉ በሄደበት ጣቱ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ነገሩ ሁሉ ወርቅ ነው ብል ውሸት ይሆናል።

የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ ቀናት የቀሯት አንዲት ተማሪ መጣች። "እትዬ፣ ጽሑፌ አይከፈትልኝም፤ አለቀልኝ" አለችኝ። ላፕቶፗ ዴቢያን ነው። አንድ የሚያውቃት ሰው የአንድ ፕሮግራም አዲስ ስሪት ያስፈልግሻል ብሎ የአንስቴብልን መስመር ከምንጮቿ ዝርዝር ውስጥ ጨምሮላታል። ፕሮግራሙን ጭኖ መስመሩን እዚያው ትቶት ሄደ። እሷ ምን ታውቃለች፣ ሌላ ቀን ሲስተሙ አዲስ ነገር አለ ሲላት እሺ አለች። በስልኳ ሆትስፖት ነው። ግማሽ ላይ ዳታው አለቀ።

ማሽኑን ከፍቼ አየሁት። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ኤክስፐሪመንታል ቅድሚያው 1 ነው ብያለሁ። አንስቴብል ግን እንደ ስቴብል 500 ነው። ሁለቱ አንድ ዝርዝር ውስጥ ከተቀመጡ ቅድሚያቸው እኩል ስለሆነ የሚያሸንፈው የስሪት ቁጥሩ ከፍ ያለው፣ አዲሱ ነው። ስለዚህ አንድ መስመር ለአንድ ፕሮግራም ተብሎ ገብቶ ሲስተሙን በሙሉ ወደ አንስቴብል መጎተት ይጀምራል። የሷ ማሽን መሀል መንገድ ላይ ቀርቷል። ፕሮግራሞች በጋራ ከሚጠቀሙባቸው ፋይሎች (ላይብረሪ) ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ። ሊብሬኦፊስ አይነሳም። ጽሑፏ ግን ደኅና ነበር። በፍላሽ አውጥተን የኛ ማሽን ላይ ከፈትነው፤ ገጽ በገጽ አብረን አየነው፣ አንድም ነገር አልጎደለም። ልጅቱ ተንፈስ አለች። ያኔውኑ ፕሪንት አደረግንላት።

ላፕቶፑን ወደ ኋላ መመለስ ግን አይቻልም። ዴቢያን ከአዲስ ስሪት ወደ አሮጌ መውረድን አይደግፍም። የሷን ፋይሎች አስቀምጠን ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንነው። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ለኤክስፐሪመንታል ያሰቡትን ጥንቃቄ ስቴብል ውስጥ ሆኖ አንስቴብልን ለሚጨምር ሰው አላሰቡለትም። ቅድሚያውን በእጅ ማስተካከል ይቻላል፤ ፋይል ተከፍቶ፣ ቁጥር ተጽፎ። ያን የሚያውቅ ሰው ግን ቀድሞም አይሳሳትም። አደጋው የሚደርሰው በማያውቀው ላይ ነው። እዚያ መስመር ላይ አንድ ጮክ ያለ ማስጠንቀቂያ ቢኖር ስንት ሰው ይተርፍ ነበር።

ሌላው ቴስቲንግ ነው። ብዙ ወጣቶች ቴስቲንግን ይወዱታል። "ከስቴብል አዲስ ነው፣ ከሲድ የተረጋጋ ነው" ይላሉ። ለቤት ኮምፒውተር እውነት ሊሆን ይችላል። ለንግድ ማሽን ግን አልመክርም። የደኅንነት ጥገና ወደ ስቴብል በቀጥታ ይመጣል፤ ወደ ቴስቲንግ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሲድ በኩል ቀን ቆጥሮ ነው የሚገባው። አንድ ነገር መንገድ ላይ ከተያዘ ጥገናውም አብሮ ይያዛል። ቴስቲንግ የሚቀጥለው ስቴብል የሚበስልበት ምድጃ ስለሆነ፣ ሰው የሚበላበት ጠረጴዛ አድርገው ባያስተዋውቁት ደስ ይለኛል።

አንድ ትንሽ ምክር ልጨምር። የምንጮች ዝርዝር ውስጥ "ስቴብል" ብላችሁ አትጻፉ። የስሪቱን ስም ጻፉ፤ ለ12 ቡክዎርም፣ ለ13 ትሪክሲ። "ስቴብል" ካላችሁት አዲስ ስሪት በወጣበት ቀን ማሽናችሁ ሳታስቡት ወደ አዲሱ መሻገር ይጀምራል። መሻገሩ ጥሩ ነው፤ ቀኑን ግን እናንተ ምረጡት።

እኛ ቤት ቀን የምንመርጥበት መንገድ አለን። ጥር ከገባ ጀምሮ እስከ ጥምቀት ማግስት፣ እንዲሁም በምረቃ ሰሞን፣ ከደኅንነት ጥገና በቀር ማሽኖቹ ላይ ምንም አይነካም። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ የማኅበራት መርሐ ግብር፣ የቲሸርት ጽሑፍ፣ የሆቴል ዋጋ ዝርዝር ሁሉ በአንዴ ይመጣል። ያን ጊዜ "አዲሱን ልሞክር" የሚል ሰው ከማሽኑ ይነሳል። ዴቢያን ለስቴብል በግምት በየሁለት ወሩ እርማቶችን ሰብስቦ ያወጣል። እነሱን ጸጥ ባለ ሳምንት እንጭናለን። ኢንተርኔቱን ለመቆጠብም አፕት ካቸር የሚባል አንድ ማሽን ላይ ጭነናል። አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ ከሱ ይወስዳሉ። ስቴብል ላይ ስለሆንን የሚወርደው ጥቂት ነው። ሲድ ላይ ብንሆን ኖሮ በየቀኑ ሲወርድ ይውል ነበር። ጎንደር ላይ ይህ ልዩነት በብር ይታያል።

ይህ የዴቢያን ሥርዓት ከማሽኖቹ አልፎ ወደ ልጁ ኮድም ገብቷል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ቀን መቀየሪያ ጽፏል፤ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ፣ ከፈረንጅ ወደ እኛ። ኦፕን ሶርስ አድርጎ ለቆታል። እኛም የጥሪ ካርድና ማመልከቻ ስናዘጋጅ እንጠቀምበታለን። ድሮ ኮዱን የሚያስቀምጠው በፎልደር ነበር። "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "ዋናው የመጨረሻ"። ሱቅ ውስጥ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ እሱን ካልጠየቅኩ አላውቅም።

አሁን በጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም) ብራንች፣ ማለትም ቅርንጫፍ፣ እያደረገ ለይቶታል። ዋናው ብራንች ላይ ያለው ሁልጊዜ ለሥራ የደረሰ ነው። ሙከራው ሌላ ብራንች ላይ ነው። ለሱቅ የሚሰጠኝ ከዋናው ላይ ቁጥር ተለጥፎበት የወጣውን ብቻ ነው። ሐሳቡን ከዴቢያን ብቻ አልወሰደም። የጊት ሠሪዎች ራሳቸው ጊትን የሚያሳድጉበትን መንገድ አይቶ ነው። እነሱ አራት ብራንች አላቸው። ሲን የሚባለው ላይ የታየ ሐሳብ ሁሉ ይቀመጣል፤ ሊገባም ላይገባም ይችላል። ኔክስት ላይ ይገባል ተብሎ የሚጠበቀው ይፈተናል። ማስተር ላይ ለሚቀጥለው ሪሊዝ የደረሰው ይቀመጣል። ሜይንት ላይ ደግሞ የወጣው ስሪት ይጠገናል። ለአንድ ልጅ ፕሮጀክት አራት ይበዛል። ሁለት በቃው።

ጥቅሙን ያየነው በጳጉሜ ነው። ሂሳቡን አፈጥናለሁ ብሎ በሙከራው ብራንች ላይ እንደገና ጻፈው። አብዛኛው ቀን ልክ ወጣ። የእኛን መስከረም 1 ቀን 2016ን ግን በፈረንጅ መስከረም 11 ቀን 2023 አለው። ትክክለኛው መስከረም 12 ነው፤ 2015 ጳጉሜ 6 ነበረውና። አዲሱ ሂሳብ ያቺን አንድ ቀን ጥሏታል። ሱቅ ያለው ማሽን ግን የቆየውን፣ የተፈተነውን ነበር የያዘው። አንድም የጥሪ ካርድ አልተሳሳተም። ልጁ ጳጉሜ 6 ያላቸውን ዓመታት ፍተሻ ውስጥ ጨመረ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሂሳቡ ወደ ዋናው ያለፈው።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን እኔና እሱ አልተስማማንም። ቀኑን በግዕዝ አኃዝ የሚያትም ነገር ጨምሯል፤ 2017ን ፳፻፲፯ ብሎ። ያላለቀ ነው። እሱ ዋናው ብራንች ውስጥ አስገብቶ ማብሪያ ማጥፊያ አደረገበት፤ ካላበሩት አይታይም። ብራንቹ ለብዙ ጊዜ ተለያይቶ ከቆየ መልሶ ማዋሃዱ ፈተና ነው ይላል። ይሄ እውነት ነው፤ ትልልቅ ፕሮጀክቶችም በዚህ መንገድ ይሠራሉ። የኔ ሥጋት ማብሪያውን አንድ ሰው ሳያውቅ ይጫነዋል የሚል ነው። የዴቢያን 1 ቁጥር ላይ ያለኝ ፍቅር ከዚህ ይመጣል፤ በስሙ ካልጠሩት አይመጣም። እሱም በመጨረሻ ማብሪያው ላይ "ሙከራ" የሚል ቃል ካልተጻፈ እንዳይሠራ አድርጎታል። እሱን ተቀብያለሁ።

ለማን እመክረዋለሁ? ሥራቸው ማሽኑ ሳይሆን በማሽኑ የሚሠራው ለሆነ ሰዎች። ለኮፒ ቤት፣ ለትምህርት ቤት ላብ፣ ለትንሽ ቢሮ ሰርቨር። አዲስ ጌም፣ አዲስ ግራፊክስ ካርድ ለሚል ሰው ስቴብል ይከብደዋል፤ ሌላ ይፈልግ። መጫኛው ከ1 ጊጋባይት በታች የሆነ አለው፤ የቀረውን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኢንተርኔት የሌለበት ቤት የምትጭኑ ከሆነ ትልቁን የዲቪዲ ፋይል አንዴ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አድርጉት። ከ12 ጀምሮ የዋይፋይ ፈርምዌር (ዋይፋዩ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ፋይል) መጫኛው ውስጥ ተካትቷል። ከዚያ በፊት ዋይፋዩን ለማስነሳት ፋይሉን በሌላ ኮምፒውተር መፈለግ ግድ ይል ነበር፤ ያ ጣጣ ስለቀረ ደስ ብሎኛል።

ወደ 13 ለመሻገር ላሰባችሁ ሁለት ነገር። ስሪት መዝለል አይቻልም፤ 11 ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ወደ 12 መሄድ አለበት። ሁለተኛው የሚያሳዝነኝ ነው። 13 ለ32 ቢት (ለድሮ ዓይነት ፕሮሰሰር) ኮምፒውተሮች መጫኛም ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) የለውም። እዚህ እኛ ጋ ያንን ዓይነት ማሽን የያዘ ብዙ ሰው አለ። ያገለገለ ገዝቶ ልጁን የሚያስተምርበት፣ ገና የሚሠራ። እነሱን ወደ 13 ለማሻገር አትሞክሩ። 12 ላይ ይቆዩ። የ12 መደበኛ ድጋፍ እስከ ሰኔ 2026 ነው፤ የተራዘመው ደግሞ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2028 ይሄዳል። ማሽናችሁ የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ተርሚናል ከፍታችሁ "ኤልኤስሲፒዩ" (lscpu) ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛው መስመር ላይ 64 የሚል ቁጥር ካያችሁ ፕሮሰሰሩ 13ን ይችላል፤ የተጫነው ሲስተም 32 ቢት ከሆነ ግን ፋይላችሁን አስቀምጡና 64 ቢቱን እንደ አዲስ ጫኑት።